ካሜሊያዬና የጁምዓው ውሃ

ሸዋ ሮቢት ላይ ካሜሊያ አብቅዬ አበባ አይቻለሁ ብል የአገሬ ሰው ይስቅብኛል። ማንጎ ብል እሺ፣ ፓፓያ ብል እሺ። ካሜሊያ ግን የደጋ ቁጥቋጦ ነው። ቅጠሉ እንደ ቡና ቅጠል ያብረቀርቃል፣ አበባው ከሩቅ ሲያዩት ጽጌረዳ ይመስላል፤ ጥላ ይወዳል፣ ቀዝቃዛ አየር ይወዳል፣ አሲዳማ አፈር ይወዳል። እኛ ደግሞ ገና ጠዋት ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ጥላ የምንሻማ ሰዎች ነን። ቢሆንም አብቅያለሁ፣ አበባውንም አይቻለሁ። ለሰው ያልተናገርኩት እንዴት እንዳበቀልኩት ነው፤ እሱን ሳስብ እስከ ዛሬ ፊቴን የማደርግበት አጣለሁ።

ነገሩ የተጀመረው አዲስ አበባ፣ ታናሽ እህቴ ግቢ ውስጥ ነው። አጥሯን ይዛ ካሜሊያ ደርድራለች፤ እኔ የሄድኩ ቀን ሁሉም በሮዝ አበባ ተሸፍነው ነበር። ችግኝ ወስጄ እኔም እተክላለሁ ስላት እንግዶቿ ፊት ከት ብላ ሳቀች። እዚያ እሳት ውስጥ ሳምንትም አይቆይልሽ አለችኝ። ክፋት አስባ አልነበረም። እኔ ግን እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ የምተኛ ሰው አይደለሁም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አትችይም ያለኝ ሰው ጠላቴ ነው። በማግስቱ መንገድ ዳር ከሚሸጡ ሰዎች ሦስት ችግኝ ገዛሁና አንዱን ጭኔ ላይ፣ ሁለቱን እግሬ መሃል አድርጌ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ጣርማ በርን አልፈን ቁልቁል መውረድ ስንጀምር ሙቀቱ በመስኮት መግባት ጀመረ፤ ያኔ ነጠላዬን አውልቄ ሸፈንኳቸው። አጠገቤ የነበረችው ሴት ሕፃን ያቀፍኩ መስሏት ስንት ወሩ ነው አለችኝ።

ቤቴ ከከተማው ዳር ነው። ፊት ለፊቱ ክርና ጨርቅ የምሸጥባት ሱቅ ናት፤ ከኋላ ግቢ አለኝ፤ ከግቢው ጀርባ፣ ከቆርቆሮው አጥር ማዶ፣ ከሮቢ ወንዝ የተጠለፈ የመስኖ ቦይ ያልፋል። የኛ አፈር ውሃ ከደረቀበት በኋላ ላዩ ነጭ ነጭ ይላል። ችግኝ ሻጩ ደግሞ ጥቁር የጫካ አፈር ካላገኘ አይሆንም ብሎኛል። ስለዚህ ለሱቄ ዕቃ የሚያመጣልኝን ሾፌር ለምኜ ከጣርማ በር፣ ከጽድ ሥር፣ አራት ማዳበሪያ ሙሉ አፈር አስጫንኩ። ሰውዬው ሲያወርድ እዚህ አገር አፈር አልቆ ነው ወይ እያለ ሰፈሩን ሁሉ አሳቀብኝ። ሦስት ጉድጓድ አስቆፍሬ ያንን አፈር ሞላሁ፣ ችግኞቹን ተከልኩ፣ ከላያቸው የተተረተረ ማዳበሪያ በአራት እንጨት ወጠርኩ። ከዚያ ወዲያ ስማቸው ዣንጥላ የተያዘለት ቡና ሆነ። ቡና አይደለም እያልኩ መጣላቱ ሰለቸኝና ተውኩት።

የቦዩ ውሃ ተራ አለው። ተራውን የሚያከፋፍለው፣ ሰው ሲጣላም የሚዳኘው፣ ገበሬዎቹ የመረጡት የውሃ አባት ነው። የኔ ግቢ ማሳ አይደለምና ተራ የለውም፤ ይህን አላውቅም ነበር ልል አልችልም። ከአጥሬ ማዶ ያለው ማሳ የጎረቤቴ ነው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ልጆቻቸው አንዷ ስትቀር አረብ አገር የገቡባቸው ሙስሊም ሽማግሌ ናቸው፤ እኔ አባባ ነው የምላቸው። በመደብ የሽንኩርት ችግኝ ያፈላሉ፤ የአካባቢው ገበሬ ለማሳው የሚወስደው ከሳቸው ነው። ተራቸው ጁምዓ ነው፣ ከአምስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ።

እዚህ አንድ ልማድ አለን። ጁምዓ ተራ የደረሰው ሰው ውሃውን ወደ ማሳው ይለቅና አካፋውን ቦዩ አፍ ላይ ተክሎ ወደ መስጊድ ይሄዳል። አካፋ የቆመበት ውሃ አይነካም። የሌላው ማሳ ተሰነጣጥቆ ቢያድር፣ ባለቤቱ ሰግዶ እስኪመለስ ማንም አያጎድልበትም። እሁድ ጠዋት ክርስቲያኑ ቅዳሴ ሲሄድም እንዲሁ ነው። እናቴ በሕይወት ሳለች ከቦዩ ማዶ አንዲት ጠባብ ማሳ ነበረችን፤ እሁድ እሁድ የሷን አካፋ በዓይናቸው የሚጠብቁላት እኚሁ ጎረቤቴ ነበሩ። አገራችን ክፉ ቀን አይታለች፤ ሰው ጎረቤቱን የፈራበትን ጊዜ አሳልፈናል። በዚያ ሁሉ መሃል እንኳ አካፋ የቆመበትን ውሃ እገሌ ነካ ሲባል አልሰማሁም። የነካሁት እኔ ነኝ።

ካሜሊያዎቹ አንድ ዓመት ቆይተው በሁለተኛው ኅዳር እምቡጥ ያዙ። ስቆጥር አሥራ አንድ ናቸው። ያን ቀን ሱቄን ዘግቼ ስዞራቸው ዋልኩ ብል ማጋነን አይደለም። ፎቶ አንስቼ ለእህቴ ላክሁላት። እሷ ደግሞ እምቡጥማ ምን ዋጋ አለው፣ ለጥምቀት እመጣለሁ፣ ሲያብብ በዓይኔ ካላየሁ አላምንም ብላ መለሰችልኝ። ይህን ባለች በሳምንቱ ቅጠሉ ቢጫ መሆን ጀመረ፤ ሁለት እምቡጥ ሳይፈነዳ ረገፈ። ቧንቧችን ውሃ ካየ ሁለት ሳምንት አልፎታል። በጄሪካን እያስቀዳሁ ባጠጣም አልጠግብ አሉኝ፣ ወይም እኔ እንደዚያ መሰለኝ።

አንድ ጁምዓ ታዲያ ከአጥሩ ማዶ ውሃው እየተንቦጫረቀ ሲያልፍ እሰማለሁ። ብቅ ብዬ አየሁ። የጎረቤቴ አካፋ ቆሟል፣ እሳቸው የሉም፣ ቦዩ ሞልቷል። ከአጥሬ ሥር የክረምት ጎርፍ የሚወጣበት፣ በጨርቅ የወተፍኩት ቀዳዳ አለ። ጨርቁን ነቀልኩ፤ እጄን አሻግሬ ቦዩ ውስጥ ጭቃና ድንጋይ ከመርኩ፤ ውሃው መንገዱን ቀይሮ ወደ ግቢዬ ገባ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቼ መልሼ ደፈንኩት፣ ጭቃውንም በመዳፌ አለሰለስኩት። ትንሽ ናት ብዬ ራሴን አሳመንኩ። የእግዜር ውሃ አይደለም እንዴ አልኩ። ጾም ላይ ነበርኩ እኮ፤ እንቁላልና ወተት አልነካም ብዬ የሽማግሌ ውሃ ነካሁ።

አንዴ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። በሚቀጥለው ጁምዓ ደገምኩት፣ በሚቀጥለውም። አዛን ስሰማ ሌላው ሰው ወደ መስጊድ፣ እኔ ወደ አጥሬ። ካሜሊያዎቹ ይበልጥ ቢጫ ሲሆኑ ጥም ነው እያልኩ ከግማሽ ሰዓቱ ወደ አንድ ሰዓት አሳደግኩት። ሥራቸው ላይ ውሃው ኩሬ ሠርቶ ሲውል ደስ ይለኝ ነበር። አምስት ጁምዓ እንዲህ አለፈ።

ከአምስተኛው በኋላ ጎረቤቴ በአጥሩ ዝቅታ በኩል ጠሩኝ። ፊታቸው ተጨንቋል። ታችኞቹ መደቦች እየደረቁ ነው፣ ውሃው እታች ሳይደርስ የሚቀር ምን ሆኖ ነው፣ አንቺ እዚሁ ነሽና ያየሽው ነገር አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ። እኔ ጉደኛዋ ዓይኔን በጨው አጥቤ ፍልፈል ይሆናል አልኳቸው። ፍልፈል የቦይ ዳር ሲቦረቡር ውሃ በጉድጓዱ እየገባ ይጠፋል፤ የታወቀ ነገር ነውና አመኑኝ። ሁለት ቀን ሙሉ በዶማ የቦዩን ዳር ሲቆፍሩ ዋሉ። በሁለተኛው ቀን ወደኔ ቀዳዳ እየተጠጉ ሲመጡ ወጥቼ እዚያ ማዶ፣ ከግራሩ ሥር፣ አፈር ተቆልሎ አይቻለሁ አልኳቸው። አላህ ይስጥሽ ብለው ዶማቸውን አንስተው ወደዚያ ሄዱ። ማታ ወገባቸውን ይዘው ሲመለሱ በመስኮት አየኋቸው፤ መጋረጃውን ሳብኩት።

ፍልፈሉ አልተገኘም። እሳቸው ለውሃ አባት አመለከቱ፣ እሱም መጥቶ ቦዩን ከላይ እስከ ታች ተመለከተ። የኔን ቀዳዳ በደረቅ ቅጠል ሸፍኜው ስለነበር አላየውም። ፍርዱን ቦዩ ላይ ቆሞ ሰጠ፣ እኔም አጥሬ ጥግ ሆኜ ሰማሁ። ሰው ውሃ እያጣ አንቱ ለቀውት ሄደው መሬት እንዲጠጣው ማድረግ አይሆንም አላቸው። ወይ ሰው ይቀመጥበት፣ ወይ ተራው ለሌላ ይሰጥ። የሚቀመጥላቸው ሰው አልነበረም። ባለቤታቸው ጀውሃ ያለችው ልጃቸው ወልዳ ሊያርሷት ሄደዋል። ስለዚህ እሳቸው ራሳቸው ሊቀመጡ ሆነ። በዕድሜዬ ጁምዓ ሲቀሩ አይቻቸው የማላውቅ ሰው፣ ሲታመሙ እንኳ ተደግፈው የሚሄዱ ሰው።

የመጀመሪያውን ጁምዓ አልረሳውም። ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ኮፍያቸውን አድርገው ቦዩ ዳር ከአንዲት የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ሰው ሁሉ በፊታቸው ወደ መስጊድ ያልፋል፤ ሰላም ሲላቸው ውሃ እየጠበቅሁ ነው ይላሉ። ድምፅ ማጉያው ኹጥባውን፣ የጁምዓውን ስብከት፣ ሲጀምር ፊታቸውን ወደዚያ አዞሩ። እኔ ደግሞ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ቀዝቃዛ ውሃ በማንቆርቆሪያ ወሰድኩላቸው። ከምርቃት ጋር ተቀበሉኝ። በሱው ውሃ ውዱእ አድርገው፣ ለሶላት ታጠቡና ባዶ ማዳበሪያ አንጥፈው የቀትሩን ሶላት፣ ዙሁርን፣ ለብቻቸው ሰገዱ። ያን ሁሉ ምርቃት ተሸክሜ ግቢዬ ገብቼ፣ እጄን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጠብኩ።

በሁለተኛው ጁምዓም ተቀመጡ። ያኔ ነው የፈሩትን የነገሩኝ። ጁምዓን ያለ በቂ ምክንያት በተከታታይ ሦስት ጊዜ መቅረት በእነሱ ዘንድ ከባድ ነገር ነው፤ ልብ ይዘጋል ይባላል። ውሃ መጠበቅ ምክንያት ይሁን አይሁን እንዳላወቁ፣ ሸኹን ለመጠየቅ እንኳ እንዳፈሩ ነገሩኝ። «ሦስተኛው እንዳይደርስብኝ ነው የምፈራው» አሉኝ። ሳምንት ሙሉ ጊዜ ነበረኝ ማለት ነው። አንድ ቃል ብናገር ሦስተኛው አይደርስባቸውም ነበር።

አልተናገርኩም። ሰኞ እነግራቸዋለሁ አልኩ፣ ማክሰኞ አልኩ። ሌባ መባልን ፈራሁ። ሱቄ የሚገባው ግማሹ ሰው በዚያ ቦይ የሚኖር ነው፤ ነጠላ ሊያስቋጭ የሚመጣ ሁሉ አተኩሮ ሲያየኝ ይታየኛል። በዚያው ሳምንት ከካሜሊያዎቹ ሁለቱ ቅጠላቸውን ሙሉ በሙሉ አራገፉ። አንዱን ነቅዬ ሥሩን ሳየው ጠቁሯል፣ ላሽቆ ይሸታል። ስልኬን ከፍቼ አነበብኩ። ካሜሊያ ሥሩ ላይ ውሃ ሲቆም ይበሰብሳል፣ ቢጫ መሆኑም ከጥም ብቻ አይመጣም፣ እንደኛ ያለ ኖራ የበዛበት ውሃም ያመጣዋል ይላል። የሰረቅኩት ውሃ ነው የገደላቸው። ለዚህ ነው ሽማግሌውን ከመስጊድ ያስቀረኋቸው። መሬቱ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ለነሱ ይሁን ለራሴ አላውቅም።

ሦስተኛው ጁምዓ ደረሰ። ያን ቀን ጠዋት ከግቢው ከፍ ባለው ጥግ የተተከለችው፣ ውሃው እምብዛም የማይደርሳት ሦስተኛዋ ካሜሊያ አበበች። አንድ አበባ ብቻ። ጭብጥ የምታህል፣ ሮዝ፣ ቅጠሎቿ አንዱ ባንዱ ላይ የተነባበሩ። ይህን ሁሉ ሠርቼም፣ ሳላፍር፣ ስልኬን ይዤ ለእህቴ የምልከውን ፎቶ ለማንሳት ወጣሁ። ኹጥባው በድምፅ ማጉያ ይሰማል። ጎረቤቴ ወገባቸውን ሊያፍታቱ ተነስተው ነበርና በአጥሩ ዝቅታ በኩል አበባውን አዩት።

«ማሻአላህ» አሉ። «ያ ሲስቁበት የነበረው ይኼ ነው? ምን አጠጥተሽው ነው በዚህ ሙቀት እንዲህ ያማረው?»

ተንኮል አልነበረበትም። ሰው አበባ ሲያይ የሚጠይቀውን ነው የጠየቁኝ። የቧንቧ ውሃ ልል አፌን ከፍቼ ነበር፤ ቃሉ ተዘጋጅቶ ምላሴ ላይ ነበር። ብብታቸው ሥር የያዙት የሚሰግዱበት ማዳበሪያ ነው፤ ጉልበታቸው ላይ የቦይ ጭቃ አለ። አልቻልኩም።

«ከአንቱ ውሃ ነው አባባ» አልኩ። «አካፋው ቆሞ ሳለ የሰረቅኩ እኔ ነኝ። ፍልፈል የሚባል ነገር የለም።»

ስንት ጊዜ ነው ብለው ጠየቁኝ፣ አምስት አልኳቸው። ከግራሩ ሥር ቆፍሩ ስትዪኝ እያወቅሽ ነው አሉኝ፣ አዎ አልኩ። ቀስ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ። እኔ መቀባጠር ጀመርኩ። ችግኙን እንደምተካ፣ ለውሃ አባት ራሴ እንደምናገር፣ እግራቸው ላይ እንደምወድቅ፣ አሁኑኑ እኔ እዚህ ልቀመጥና ይሂዱ፣ ሶላቱ አላለቀም፣ ይደርሳሉ ብዬ ለመንኳቸው። ወደ መስጊዱ አቅጣጫ ተመለከቱ። ድምፅ ማጉያው የሶላቱን መዝጊያ ሰላምታ አሰምቶ ተዘጋ።

«ውሃውን አውፍ ብያለሁ» አሉኝ፤ ይቅር ማለታቸው ነው። ድምፃቸው አልተቆጣም። «ችግኙንም ወገቤንም አውፍ ብያለሁ። ሦስቱ ጁምዓ ግን የኔ አይደለም ልጄ። እሱን አውፍ በሉኝ ብትዪኝ ከየት አምጥቼ?»

ከመስጊድ የሚመለሱ ሰዎች መንገዱን ይዘው መጡ። አንዱ ቆሞ አሁንም ሌባው አልተገኘም ወይ ብሎ ቀለደ። ሌባ ያለው ፍልፈሉን ነበር። ጎረቤቴ ቀና ብለው አላዩኝም፤ ተገኝቷል፣ ተደፍኗል አሉት። ማዳበሪያቸውን ጠቅልለው ሄዱ።

ለውሃ አባት እናገራለሁ ያልኩትን አልተናገርኩም። ይህንንም ልጻፈው። ቀዳዳውን በሲሚንቶ ደፈንኩት፣ ፎቶውን ከስልኬ አጠፋሁት። እህቴ ለጥምቀት ልምጣ ወይ ብላ ስትደውል ሦስቱም ደርቀዋል አልኳት። አላልኩሽም ብላ ሳቀች፤ ልክ ነሽ አልኳት። ዕድሜዬን በሙሉ ልክ ነሽ ብያት አላውቅምና አሞሽ ነው ወይ አለችኝ።

በሚቀጥለው ጁምዓ በስድስት ሰዓት ግቢዬ ውስጥ ነበርኩ። ጎረቤቴ ኮፍያቸውን አድርገው በአጥሬ በኩል አልፈው ወደ መስጊድ ሲሄዱ አየሁ፤ ደስ አለኝ፤ እፎይ አልኩ። ከዚያ ብቅ ስል ቦዩ አፍ ላይ አካፋ አልቆመም። ከጀውሃ የተመለሱት ባለቤታቸው ጥላ ይዘው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ወደ ውሃው ሳይሆን ወደኔ አጥር ነው።

እንደ ወትሯቸው ፈገግ ብለው ደህንነቴን ጠየቁኝ፤ የልጃቸውን በሰላም መገላገል አጫወቱኝ። ምን ያስቀምጥዎታል ብዬ ለመጠየቅ አልደፈርኩም። ራሳቸው ነገሩኝ።

«ሽማግሌው ናቸው እዚህ ጋ ተቀመጪ ያሉኝ፣ በዚህ በኩል ዞረሽ ተቀመጪ አሉኝ። ለምን ብላቸው አይናገሩም። እሷ አጥር ጥግ እያለችልን ምን ጠባቂ ያሻል አልኳቸው እኮ።»

«አይ እትዬ፣ ይቀመጡ» አልኳቸው።